ዳግማዊ አፄ ምኒልክ፦ ስልክን ወደ አገር ያስገቡት ንጉሥና ሽቦው ያልደረሰው ገበሬ

በጠምባሮ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ በሙዱላ፣ በገበያ ቀን ዝንጅብልና ቡና ጭኖ የሚመጣ አርሶ አደር ሸክሙን ከማውረዱ በፊት ኪሱን ይዳብሳል። ስልኩን አውጥቶ የሆሳዕናን፣ የወላይታ ሶዶን ወይም የአዲስ አበባን ዋጋ ይጠይቃል፤ ሲሸጥም ገንዘቡን በቴሌብር ይቀበላል። በዚያው ገበያ ስለ ስልኩ የሚሰማው አስተያየት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ለአንዱ ስልክ የደላላን ጫና ያቃለለ ባለውለታ ነው። ሌላው ለፋይዳ መታወቂያ የጣቱን አሻራና የዓይኑን ምስል ከሰጠ በኋላ ያ ሁሉ መረጃ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ያሰላስላል። ማንበብ የማይችሉ አረጋዊ ደግሞ የሚስጥር ቁጥራቸውን ለሱቅ ልጅ ነግረው ይመለሱና ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣሉ።

ይህ ክርክር አዲስ ቢመስልም አዲስ አይደለም። ከ130 ዓመታት በፊት፣ የመጀመሪያው የስልክ ድምፅ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ሲሰማ ጀምሮ የነበረ ነው። በመካከሉ የቆሙት ሰው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነበሩ። ሕይወታቸው ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በዓድዋ ድልና በአገር ግንባታ በኩል ነው። መልእክት እንዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚሰማውና ማን እንደሚጠብቀው በሚለው ጥያቄ በኩል ሲታይም ሕይወታቸው ለዛሬው ባለ ስልክ የሚያስተምረው ብዙ ነገር አለው።

ሚስጥር የመጠበቅ ትምህርት

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲወሩ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሕመም አረፉ፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልዑልም ተማርኮ ወደ ቴዎድሮስ ሰፈር ተወሰደ። ቴዎድሮስ በክብር አሳደጉት፤ ልጃቸውንም ዳሩለት። ቢሆንም ክብር ያለው እስር ያው እስር ነው። ልዑሉ አሥር ዓመት ገደማ በሌላ ሰው ዓይንና ጆሮ ሥር ኖረ።

በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. ምኒልክ በሌሊት ከመቅደላ አምልጠው ወጡ። ያ ማምለጥ እንዲሳካ ብዙ ሰዎች አፋቸውን መዝጋት ነበረባቸው። በወሎ የነበሩት ወይዘሮ ወርቂት አሳልፈው ከመስጠት ይልቅ ተቀብለው ወደ ሸዋ አሳለፏቸው። የከፈሉት ዋጋ ከባድ ነበር፤ በቴዎድሮስ እጅ ምርኮኛ የነበረው ልጃቸው ተገደለ። ምኒልክ ገና በወጣትነታቸው የተማሩት እንግዲህ ይህን ነው፦ አንድ ወሬ ሰውን ሊያድንም ሊያስገድልም ይችላል፤ የሚስጥር ዋጋም ሁልጊዜ የሚከፈለው በባለቤቱ ብቻ አይደለም።

ወደ ሸዋ ተመልሰው የአባታቸውን ዙፋን ከያዙ በኋላ በባሕርያቸው ጎልቶ የታየው የማወቅ ጉጉት ነበር። ሰዓት፣ ጠመንጃ፣ የስፌት መኪና፣ የፎቶግራፍ መሣሪያ፣ ማንኛውም አዲስ ዕቃ ሲመጣላቸው ፈትተው ካላዩ አይረኩም ነበር። በ1871 ዓ.ም. የመጣው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በመጀመሪያ ጫማና ጠመንጃ እንዲሠራ በመታዘዝ እንደተፈተነ ይነገራል። ፈተናውን ያለፈው ኢልግ ድልድይ ሠራ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውኃ አስገባ፣ ቆይቶም ስለ ባቡርና ስለ ስልክ መከረ። ምኒልክ ባዕድ ዕቃን በባዕድነቱ ብቻ አልጠሉም፤ የሚጠይቁት ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚሠራ ነበር።

ሳያነቡ የታተመ ማኅተም

የነገሥታቱ ደብዳቤ በዚያ ዘመን የሚታወቀው በማኅተሙ ነበር። ማኅተሙ ያረፈበት ወረቀት የንጉሡ ቃል ነው፤ ማኅተሙን የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዝም የታመነ ሰው መሆን ነበረበት። በዛሬው ቋንቋ ብንናገር ማኅተሙ የንጉሡ የይለፍ ቃል ነበር።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል የዚህን ቃል ክብደት አሳየ። ውሉ በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ስለ መልእክት ልውውጥ የሚናገር ነበር። በአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ ብትፈልግ በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይቻላታል። በጣሊያንኛው ግን በኢጣሊያ በኩል መላላክ ግዴታዋ ሆነ። በአንድ ግሥ ልዩነት ነፃ አገር በሌላ አገር አፍ ብቻ የምትናገር ጥገኛ ሆና ተመዘገበች።

ምኒልክ ይህን የተረዱት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ከነገሡ በኋላ ነበር። ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ሲያስታውቁ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው ምላሽ መልእክቱ በኢጣሊያ በኩል መምጣት እንደነበረበት የሚያመለክት ሆነ። እቴጌ ጣይቱ በነገሩ ላይ ጠንካራ አቋም ያዙ። ምኒልክ ለማስተካከል ሞከሩ፤ አልሆነም። በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉት አስታወቁ። ነገሩ የተቋጨው ግን በወረቀት አልነበረም፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተራሮች ላይ ነበር። በዚያ ጦርነትም ቢሆን ከጠመንጃው እኩል የመረጃ ድርሻ ነበረበት። ባሻ አውዓሎም ለኢጣሊያኖች የሰጡት የተሳሳተ መረጃ ጠላት ያለ ጊዜው እንዲንቀሳቀስ ካደረጉት ነገሮች አንዱ እንደነበር የታሪክ ጸሐፍት ይናገራሉ።

አንድ ሰው ያላነበበውን ውል በማኅተሙ ሲያጸድቅ ምን እንደሚከተል ከውጫሌ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ምኒልክ የሚመክሯቸው ሰዎች፣ ጸሐፊዎችና በመጨረሻም ሠራዊት ነበሯቸው። ዛሬ በስልኩ ላይ ረጅሙን ጽሑፍ ሳያነብ እስማማለሁ የሚለውን የሚነካ ሰው ግን ብቻውን ነው።

የተፈራው ድምፅ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባበት ዘመን የሐዘን ዘመንም ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀው ክፉ ቀን አገሩን አራቁቷል። የከብት በሽታው በሬዎችን ፈጀ፤ በሬ ያጣ ገበሬ እርሻውን አቆመ፤ ረሃቡም በሰው ላይ ወረደ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያርስ አርአያ እንደሆኑ ታሪካቸው ያወሳል። እንሰት በሚተከልበት በደቡቡ አገር ያለ ገበሬ የዶማን ዋጋ ከዚያ በፊትም ያውቀው ነበር።

ራስ መኰንን ለመልእክተኝነት ወደ ኢጣሊያ ሄደው በ1882 ዓ.ም. ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው እንደመጡ ይነገራል። መሣሪያው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ በሁለት ቤቶች መካከል ተዘረጋ። ሰው ሳይታይ ድምፁ ሲሰማ ግቢው ታወከ። አንዳንድ ካህናት ነገሩን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው መሣሪያው እንዲወገድ ጠየቁ። ምኒልክ ግን አላስወገዱትም።

ያን ፍርሃት በዛሬ ዓይን ብቻ አይቶ መሳቅ ቀላል ነው። ካህናቱ ምክንያቱን በዘመናቸው ቋንቋ ቢገልጹትም በልባቸው የነበረው ጥያቄ መሠረት የሌለው አልነበረም። የማይታይ ተናጋሪ ማነው? በሽቦው ጫፍ ያለውስ እውነት እርሱ ነኝ የሚለው ሰው ነውን? ዛሬ ከማያውቀው ቁጥር ተደውሎለት ሽልማት ደርሶሃል፣ የሚስጥር ቁጥርህን ንገረኝ የሚባል አርሶ አደር የሚያስፈልገው ያው ጥርጣሬ ነው። ምኒልክ መሣሪያውን በማቆየታቸው አልተሳሳቱም፤ ካህናቱም የማይታየውን ድምፅ በመጠራጠራቸው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም።

ከግቢው ሽቦ ቀጥሎ የመጣው ረጅሙ መስመር ነበር። የኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር ሲሆን፣ ዘመኑም 1887 ዓ.ም. ተብሎ ይዘከራል። ቀጥሎ በኢጣሊያኖች እጅ ወደ አሥመራ የሚደርስ መስመር ተዘረጋ፤ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወርዱ መስመሮችም ተጨመሩ። የእንጨት ምሰሶዎቹን ምስጥ ይበላቸው፣ አውሬ ይጥላቸው ነበር። ሽቦው ለጌጥ የሚፈለግ ብረት ስለነበር በየመንገዱ ይቆረጥ ነበር። በደጁ የሚያልፈው ሽቦ ለእርሱ ምንም የማይናገርለት ሰው በሽቦው ያገኘው ጥቅም አምባር መሥራት ብቻ ነበር።

ማን ይሰማል?

የዚያ ዘመን ስልክ ምሥጢር የሚጠበቅበት መሣሪያ አልነበረም። በአንድ ሽቦ ላይ ብዙ ጣቢያዎች ይያያዙ ነበርና በአንዱ ጫፍ የሚነገረውን ሌላው ጣቢያ ጆሮውን ቢያቀርብ ሊሰማው ይችላል። በሩቅ መንገድ ድምፁ ስለሚደክም በመካከል ያለው ስልከኛ መልእክቱን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ስለዚህ የመልእክቱ ጠባቂ ሽቦው ሳይሆን የስልከኛው ታማኝነት ነበር። መሐንዲሱ ምሰሶ መትከል ይችላል፤ ታማኝነትን ግን መትከል አይችልም።

ሽቦውም ሁሉንም እኩል አላገለገለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የምኒልክ ሠራዊት ወደ ደቡብ ዘመተ። በቀቤናና በአካባቢው ሐሰን ኢንጃሞ የመሩት ተጋድሎ ከተሸነፈ በኋላ ሐዲያ፣ ከምባታና ጠምባሮ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገቡ። የከምባታ የመጨረሻው ንጉሥ የዲልባቶ ደጎዬ ዘመንም አበቃ። ለምኒልክ ይህ የአገር አንድነት ሥራ ነበር። ለተገበረው ገበሬ ግን የጦርነትና የገባር ሥርዓት ዘመን ሆነ፤ በራሱ መሬት ላይ ለነፍጠኛ የሚገብርና ጉልበቱን የሚሰጥ ሰው ሆነ። ሁለቱም ትዝታዎች እስከ ዛሬ በአካባቢው አብረው ይኖራሉ።

ከዚህ ገበሬ ቦታ ሲታይ ስልክ ማለት የገዢ ጆሮና አፍ ነው። የግብርና የዘመቻ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርድበታል፤ የገበሬው አቤቱታ ግን በእግር ቀናትን ይጓዛል። አቤት ባዩ ከኦሞ ዳርቻ ተነሥቶ በቅሎ እንኳ ሳይኖረው እስኪደርስ ድረስ የከሰሰው ሹም ቃል ሊቀድመው ይችላል። አንድ መሣሪያ በሁለት ሰዎች ዓይን ሁለት መልክ ያለው እንዲህ ነው። በአዲሱ መሣሪያ ላይ የሚሰነዘረው አስተያየት ሁልጊዜ ከድንቁርና የሚመነጭ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ተናጋሪው በሽቦው በየትኛው ጫፍ እንደቆመ የሚያመለክት ነው።

ምኒልክ ከስልክ ሌላ ደብዳቤንም ሥርዓት አስይዘዋል። በ1886 ዓ.ም. ፖስታ ቤት እንዲቋቋም አዘዙ፤ መልካቸው ያለበት ቴምብርም በፓሪስ ታተመ። በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ይህ ለገበሬው ሩቅ ቢመስልም ትልቅ ነገር ነበር። ከንጉሡ ማኅተም ሌላ፣ ማንም ሰው ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ የታሸገ ቃሉን መላክ የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። በውጫሌ በኢጣሊያ በኩል ብቻ እንድትጻጻፍ የተፈለገችው አገር በራሷ ቴምብር ከዓለም ጋር መጻጻፍ ጀመረች።

በ1900 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሾሙ። ባንክ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ መኪና በዚያው ዘመን ተከታትለው መጡ። የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ለማየት አልታደሉም።

የተደበቀው ሞት

የንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻ ዓመታት የዝምታ ዓመታት ነበሩ። ተደጋጋሚ ሕመም አካላቸውንና አንደበታቸውን ያዘ። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽነቱ ታወጀ። ሥልጣኑ በመጀመሪያ በእቴጌ ጣይቱ፣ በኋላም በእንደራሴውና በመኳንንቱ እጅ ሲዘዋወር ሕዝቡ የንጉሡን ጤና የሚያውቀው በሹክሹክታ ብቻ ነበር።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው ግን በይፋ አልተነገረም። ሁከት እንዳይነሣ ተፈርቶ አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ በምሥጢር ቆየ፤ የአገር ለቅሶም ለዓመታት ዘገየ። የአገሩን የመጀመሪያ ስልክ ያስገቡት ሰው የሞታቸው ዜና በዚያ ስልክ ለሕዝብ ሳይነገር ቀረ። በኋላ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን አረፉ።

የአንድ ሰው ሕመም የግል ጉዳዩ ነው፤ የአንድ ንጉሥ ሕመም ግን የአገር ጉዳይም ነው። የትኛው ለሕዝብ ይነገር፣ የትኛው ይሸፈን የሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ መልስ የሚያገኘው በጥቂት መኳንንት ፈቃድ ነበር። ሕግ ገና አልነበረም።

ከስልከኛው ታማኝነት ወደ ሕግ

ሕጉ ቀስ ብሎ መጣ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የሰው ደብዳቤ ምሥጢር ሕግ ከሚፈቅደው በቀር እንዳይደፈር ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን ሲያረጋግጥ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረገውን ግንኙነት በስም ጠቀሰ። ስለ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጣ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጸደቀ። በዚህ አዋጅ መሠረት ሰው መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ የመጠየቅ፣ የተያዘለትን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት አለው፤ ተፈጻሚነቱን የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በምኒልክ ዘመን ሽቦው በገበሬው ደጅ ያልፋል እንጂ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። ዛሬ ሽቦ የሌለው ስልክ በኪሱ ነው፤ አሻራው በመዝገብ ነው፤ የገንዘቡ መንገድ በሚስጥር ቁጥሩ ላይ ይቆማል። ያልተለወጠው ነገር ቢኖር በመካከል የሚቆመው ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ስልከኛው ነበር፤ ዛሬ ለአረጋዊቷ ቁጥር የሚጭንላት የሱቅ ልጅ፣ ፎቶ የሚያነሣው መዝጋቢ፣ መዝገቡን የሚከፍተው ባለሙያ ነው። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሟል። በቤቱ የጠምባሮን ቋንቋ የሚናገር ገበሬ መብቱን በገዛ ቋንቋው የሚያስረዳው ሰው እስኪያገኝ ድረስ ግን ሌሎች የጻፉትን ውል ሳያነብ በጣቱ ያትማል።

ምኒልክ በውጫሌ የደረሰባቸውን ለማረም አንድ ዘመቻ አስፈልጓቸው ነበር። የሙዱላው አርሶ አደር የሚያስፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው፦ አሻራውን ከማስቀመጡ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ፣ ጥያቄውንም ሳይቆጣ የሚመልስለት ሰው።